ሁለቱ የተስማሙበት ሁሉ እውነት ነውን?

‹‹ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ›› ይባላል። የዛሬው ምሳሌዬ ግን ከብርሌ ሳይሆን ከሌላ ብርጭቆ የተቀዳ ነው፤ አየሩ ተመጥጦ ከወጣለት፣ በውስጡ ቀይ ፍም ከሚታይበት ቫኪዩም ቲዩብ።

ናይሮቢ የሚኖር አንድ ወዳጄ ኑሮውን የሚመራው በኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው። ማታ ማታ ግን ለራሱ ደስታ የጆሮ ማዳመጫ አምፕሊፋየር ይሠራል፤ ያውም በትራንዚስተር ሳይሆን በቲዩብ፤ ያውም ‹ባላንስድ› በሚባለው አሠራር። ባለፈው ዓመት ቤቱ እንግዳ ሆኜ ባደርኩበት ምሽት አንዱን ክዳኑን ከፍቶ አሳየኝ። በሁለት ረድፍ አራት ቲዩቦች ቆመዋል። ስለ አሠራሩ ስጠይቀው፣ ‹‹አንተ አስተርጓሚ ነህ፤ ይህ ለመረዳት አይከብድህም›› ብሎ ጀመረ።

በተለመደው አሠራር ድምፁን የሚሸከመው አንድ ሽቦ ነው፤ ሌላው የጋራ መመለሻ ነው። ሽቦው ረጅም መንገድ ሲሄድ ከግድግዳው የኤሌክትሪክ መስመር፣ ከጎረቤት ሞተር፣ ከስልክም የሚመጣ ጉርምርምታ ይጣበቅበታል፤ አምፕሊፋየሩም ዘፈኑንና ጉርምርምታውን ሳይለይ አብሮ ያጎላል። በባላንስድ አሠራር ግን አንዱ ድምፅ በሁለት ሽቦዎች ይላካል፤ በአንደኛው እንዳለ፣ በሁለተኛው ተገልብጦ። አንዱ ሽቅብ ሲል ሌላው ቁልቁል ይላል። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ተጠማዝዘው ስለሚጓዙ የመንገዱ ጉርምርምታ በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል። መድረሻው ላይ ያለው መሣሪያ ታዲያ የሚያጎላው ልዩነታቸውን ብቻ ነው። የሚለያዩበት ዘፈኑ ነውና ይቀራል፤ የሚመሳሰሉበት ጉርምርምታው ነውና ተቀናንሶ ይጠፋል። ሐሳቡ ከቲዩቡም የቆየ ነው፤ ሊ ዲ ፎረስት ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቲዩቡን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ሲሆን፣ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለተጠማዘዘ ጥንድ የስልክ ሽቦ ፓተንት ያገኘው ግን በ1881 ነው።

‹‹እንግዲያው ሁለቱ የተስማሙበትን ይጥላል ማለት ነው?›› አልኩት።

‹‹ሁለቱ የተስማሙበትማ ከመንገድ የመጣ ነዋ!›› አለኝ።

ይህች መልስ እንቅልፍ ነሣችኝ። እኛ ያደግነው በተቃራኒው ነውና። ሽማግሌ ሁለት ባላንጣዎችን ሲያስታርቅ አስቀድሞ የሚፈልገው የሚስማሙበትን ነው። ዳኛም ቢሆን ከሳሽና ተከሳሽ ባልተካካዱበት ፍሬ ነገር ላይ ማስረጃ አይጠይቅም። እኔም ብሆን ሁለት የቆዩ ትርጉሞች በአንድ ቃል ላይ ተስማምተው ሳገኝ መዝገበ ቃላቱን አጥፌ አልፋለሁ። ለመሆኑ ስምምነት የእውነት ምልክት መሆኑን ማን ነገረን?

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ፍልስፍናው ብቻ አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ቤተሰብ ሽምግልና ላይ በአስተርጓሚነት ተቀምጬ ነበር። አባት ሞተው ቤት ቀርቷል፤ ሁለት ወንድማማቾች ተጣልተዋል። ታላቁ ኬንያዊት ባለቤቱን ይዞ ከናይሮቢ መጥቷል። የእኔ ሥራ የሚባለውን ለእርሷ፣ የምትለውን ለጉባኤው መተርጎም፣ በኋላም ውሉን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበር። ወንድማማቾቹ በሁሉም ነገር ተለያዩ፤ በቤቱ ዋጋ፣ አባታቸውን ባስታመመው፣ የቀብሩን ወጪ በቻለው። በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ። ‹‹እኅታችን አግብታ ወጥታለች፤ የራሷ ጎጆ አላት፤ በዚህ ውስጥ የለችበትም›› አሉ። የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። ‹‹ተመስገን! የምትስማሙበት ነገር አለ ማለት ነው፤ ከዚህ እንጀምር›› አሉ። እኅታቸው በዚያው ክፍል ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ ቡና ታፈላ ነበር።

የታላቁ ባለቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ‹‹እርሷስ ምን ትላለች?›› ስትል ጠየቀች። ጥያቄው ለእኔ አልነበረም፤ ለጉባኤው ነበር። እኔ ግን ጮክ ብዬ በመተርጎም ፈንታ፣ ‹‹በእኛ ባህል ዝም ካለች ተስማምታለች ማለት ነው›› ብዬ ራሴ መለስኩላት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ወንድና ሴት ልጆችን በውርስ እኩል እንዳደረገ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ውሉ ላይ የተጻፈውን ‹‹በወራሾች ሙሉ ስምምነት›› የሚል ሐረግም አንዲት ቃል ሳላዛንፍ በእንግሊዝኛ አስቀመጥኩት። ታማኝ ትርጉም ነበር፤ ጉርምርምታውን ከዘፈኑ ጋር አብሮ ያጎላ ታማኝ ትርጉም።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ ‹‹ታዲያ ስምምነት ሁሉ ጉርምርምታ ሊባል ነው?›› ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። አይደለም። በተለያየ መንገድ የመጡ ሁለት ምስክሮች አንድ ነገር ቢናገሩ ቃላቸው ክብደት አለው። በአንድ መንገድ የመጡ ሁለት ሰዎች ሲስማሙ ግን ስምምነታቸው ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ መንገዱ ሊሆን ይችላል። ወንድማማቾቹ በአንድ ቤት አድገው፣ በአንድ ማዕድ በልተው፣ ስለ ሴት ልጅ ድርሻ አንድ ዓይነት አባባል ሲሰሙ ኖረዋል። ጠባቸው የየራሳቸው ነበር፤ ስምምነታቸው ግን ከመንገድ የተጣበቀባቸው ነው። ስለዚህ ‹‹ተስማምተዋል ወይ?›› ከማለት አስቀድሞ ‹‹በየትኛው መንገድ መጡ?›› ማለት ይገባል። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በነጋታው ይህን ሐሳቤን ለወዳጄ ብነግረው አንድ ስሕተት አረመኝ። ብዙ ሰው አሠራሩን ባላንስድ ያሰኘው የሁለቱ ድምፆች መገላበጥ ይመስለዋል። ይሁንና ጉርምርምታውን የሚያጠፋው እርሱ አይደለም፤ ሁለቱም ሽቦዎች ከምድር መስመሩ አንጻር እኩል የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ይዘው መቆማቸው ነው። አቋማቸው እኩል ከሆነ አንደኛው ሽቦ ምንም ድምፅ ባይሸከም እንኳ ጉርምርምታው ይጠፋል። አቋማቸው ካልተካከለ ግን የቱንም ያህል ተገላብጠው ቢናገሩ ጉርምርምታው ሾልኮ ያልፋል።

ሽማግሌዎቹ ለሁለቱ ወንድማማቾች እኩል የመናገሪያ ጊዜ ሰጥተዋል፤ ሚዛን ጠበቅን ብለውም ከልባቸው አምነዋል። ሚዛኑ ግን በንግግሩ ሳይሆን በአቋሙ ላይ ነበር። ያቺ ሴት እንደ ቡና አፍይ ሳይሆን እንደ ወራሽ ወንበር ተሰጥቷት ብትቀመጥ፣ አንድም ቃል ባትተነፍስ እንኳ፣ ‹‹በዚህ ውስጥ የለችበትም›› የሚለው ቃል ከየት እንደ መጣ በግልጽ ይታይ ነበር።

እንዲህ ያለው ሚዛን ዋጋ ያስከፍላል። ወዳጄ የሚጠቀምበት 6ኤስኤን7 የተባለው ቲዩብ ለማሞቂያው ብቻ 6.3 ቮልትና 0.6 አምፔር ይፈልጋል፤ ወደ 3.8 ዋት መሆኑ ነው። አራቱ ሲደመሩ 15 ዋት ያህል ይፈጃሉ፤ ብዙ የጆሮ ማዳመጫዎች ግን የዋት ጥቂት ሺህኛዎች ይበቋቸዋል። ዘፈን ኖረም አልኖረም ማሞቂያው ይነዳል፤ ዝም ያለውን ለመስማት ዝግጁ ሆኖ መቆየት ማለት ይህ ነው። ሙቀቱም መውጫ ይሻል። ወዳጄ ከሣጥኑ ሥር ቀዳዳ፣ ከላይም መተንፈሻ ያበጃል፤ ቲዩቦቹን ያራርቃል፤ አምፕሊፋየሩን በዝግ መደርደሪያ ውስጥ አያስቀምጥም። ናይሮቢ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ፤ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ ለእነዚህ ከተሞች የሚሠራ ሰው ሰፋ ያለ ክፍተት መተው አለበት። የሙያው ሰዎች በልማድ እንደሚያሰሉት፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተር ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። የእኛ ሽምግልናስ? የታላቁ ወንድም አውሮፕላን ማታውኑ ነበርና ጉዳዩን ከምሳ በፊት ጨረስነው። ዝግ መደርደሪያ ማለት እርሱ ነው።

የመጨረሻው ነገር መሰኪያው ነው። ከድሮ የስልክ ማዞሪያዎች የወረስነው 6.35 ሚሊ ሜትሩ መሰኪያ ለጆሮ ማዳመጫ ሲውል ሦስት መገናኛ አለው፤ አንዱ ለግራ ጆሮ፣ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለሁለቱ የጋራ መመለሻ። ባለ አራት እግሩ ኤክስኤልአር ግን ለእያንዳንዱ ጆሮ የራሱን መሄጃና የራሱን መመለሻ ይሰጣል። ወዳጄ አጥብቆ የሚያስጠነቅቀው በባላንስድ አምፕሊፋየር ላይ ሁለቱን መመለሻዎች በአንድ የሚያስር አስማሚ እንዳይሰካ ነው። እነዚያ ‹መመለሻ› የሚባሉት መስመሮች ባዶ አይደሉም፤ ድምፅ የተሸከሙ ናቸው፤ አንድ ላይ ከታሰሩ መሣሪያው ሊቃጠል ይችላል። አስተርጓሚም አስማሚ ነው። የአንዲቱን ጥያቄና የሌላዪቱን ዝምታ ‹‹በእኛ ባህል›› በምትል አንዲት እግር ላይ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። በዚያን ቀን ምንም የተቃጠለ አልመሰለኝም ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሴትዮዋን ፈልጌ አገኘኋትና ያደረግሁትን ነገርኳት። ጥቂት ዝም ብላ፣ ‹‹በዚያን ቀን ብጠየቅ ምን እንደምል አላውቅም፤ ምናልባት ለእነርሱ እተውላቸው ነበር። ግን ማንም አልጠየቀኝም›› አለችኝ። ለወንድሞቿ ልጻፍላቸው ወይ ብዬ ስጠይቃት ደግሞ፣ ‹‹መልሴን አይጻፉ፤ ጥያቄውን ብቻ ይጻፉላቸው›› አለች።

እንዳለችውም አደረግሁ። ለሁለቱ ወንድማማቾችና በሕይወት ላለው አንድ ሽማግሌ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላክሁ። ቤቱን ስለ መካፈል የሚል ነገር የለበትም። በዚያን ቀን የታላቁ ባለቤት አንድ ነገር ጠይቃ እንደ ነበር፣ እኔም ሳልተረጉመው እንደ ቀረሁ ይናገራል። ከሥሩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተተረጎመው ጥያቄ ሰፍሯል፤ ‹‹እርሷስ ምን ትላለች?››