የወጋም አይረሳም

ሁለት ሰዎች ሽማግሌ ፊት ቀርበዋል። አንደኛው «እኔ እኮ ረስቼዋለሁ፤ ያለፈ ነገር ነው፤ ለምን ይነሣል?» ይላል። ሌላኛው መሬት መሬት እያየ ቆይቶ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብሎ ይመልሳል። ይህን የሰሙ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደገና ያጣፋሉ፤ ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል። ተረቱ አማርኛ በሚነገርበት አገር ሁሉ አለ። ፍቺውም ግልጽ ይመስላል፦ በዳይ የሠራውን ይዘነጋል፣ ተበዳይ ቁስሉን ይዞ ይኖራል። ይሁን እንጂ ነገሩ ደም ላይ ሲደርስ ይህ ተረት የሚፈርደው ፍርድ ትክክል ነው ወይ? ፎገራ ሜዳ ላይ ሆኖ መመርመር ይቻላል።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚታጠፈው መንገድ የሚጀምርባት ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ ተዘርግቷል። ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ይፈስሱበታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ብዙ ቤተሰብ ከቤቱ አፈናቅሏል። ቀድሞ ይህ ረግረግ የከብት አገር ነበር። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ግጦሽ ነው። በ1970ዎቹ ሩዝ ከገባ በኋላ ግን ውሃ የሚተኛበት መሬት፣ ቀድሞ ለእርሻ የማይፈለገው፣ ተፈላጊ ሆነ። ዛሬ በወረታ ሩዝ የሚፈለፍሉ ማሽኖች ሲጮሁ ይውላሉ፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው እዚያው ነው። የጋራ ግጦሽ የነበረው እየታረሰ ሄደ። የእርሻ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ የድንበር ጠብ አብሮ ይጨምራል።

ጎርፉ ሲሸሽ ደለሉ የወሰኑን ድንጋይ ቀብሮት ይሄዳል። አንዱ ገበሬ ሲያርስ በሬዎቹን አንድ ትልም ወደ ጎረቤቱ ያሳልፋል። ጎረቤቱ ያያል፣ ዝም ይላል። በዓመቱ አንድ ትልም ይደገማል። አራት አምስት ዓመት ሲያልፍ የገፋው ሰው ያ መሬት ከአባቱ የወረሰው እንደሆነ ከልቡ ያምናል፤ እየዋሸ አይደለም፣ በእውነት ረስቶታል። የተገፋው ግን በየዓመቱ ቀንበር በጫነ ቁጥር ያየዋል። እዚህ ላይ ተረቱ ቃል በቃል እውነት ነው።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግም እንዲሁ ሆኗል። «ቢሮክራት» ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች መሬታቸው ተቀንሶ ለሌላ ተሰጠ። ስም ዝርዝሩን የጻፈው ሹም ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሮ ነገሩን ረስቶት ይሆናል። የተቀነሰበት ገበሬ ግን ግጥም አውጥቶለታል፤ ተመራማሪው ጌቴ ገላዬ በምሥራቅ ጎጃም ከገበሬዎች አፍ የሰበሰባቸው ቃል ግጥሞች ያን ቅሬታ እስከ ዛሬ ይዘውት ይገኛሉ። ይህም ለተረቱ አንድ ምስክር ነው።

አሁን ደም እንጨምርበት። የድንበሩ ጠብ አንድ ቀን ማሳ ላይ ወይም ጠላ ቤት ውስጥ ተነሥቶ፣ ዱላ ተመዝዞ፣ ጥይት ተተኩሶ አንድ ሰው ሞተ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቤተሰቦች «ደም ተቃብተዋል» ይባላል። የሟች ወገን ያንኑ ተረት ያነሣል፦ የተወጋ አይረሳም። ግን የተወጋው ማን ነው? የተወጋውማ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብሯል፤ አያስታውስም፣ አይረሳም። አይረሳም የሚባለው ያን ቀን የሦስት ዓመት ልጅ የነበረ፣ ወይም ገና በእናቱ ማሕፀን የነበረ ልጅ ነው። እሱ አልተወጋም። አባቱንም በመልክ አያውቀውም። ቂሙ የተሰጠው ነው።

እንዴት እንደሚሰጥም በደንብ ይታወቃል። በለቅሶው ቀን የሙሾ አውራጇ የሟችን ጀግንነት ካወደሰች በኋላ ቃሏን ወደ ቆሙት ወንዶች ታዞራለች፤ ደም የሚመልስ ወንድ በቤቱ ጠፋ ወይ ብላ በግጥም ትጠይቃለች። የሟች ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። ልጁ ከብት ሲጠብቅ ከእኩዮቹ ጋር ከተጣላ ስድቡ የአባቱ ደም ነው። ሰርግ ላይ ቀረርቶና ፉከራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ያየዋል። ማንም «ግደል» ብሎ አይነግረውም፤ መንገር አያስፈልግም። በአልባኒያ ተራሮችም ተመሳሳይ ነገር አለ። ኢስማኢል ካዳሬ ስለ አገሩ የደም ሕግ በጻፈው ልቦለድ ውስጥ የሟች ደም የነካው ሸሚዝ ከቤቱ ላይ ይሰቀላል፤ ደሙ ወደ ቢጫ ሲለወጥ ሟች በቀሉን እየጠየቀ ነው ተብሎ ይታመናል። ልጁ ቢረሳ እንኳ ሸሚዙ ያስታውሰዋል።

የተረቱ የመጀመሪያ ግማሽ ደግሞ የባሰ ይፈርሳል። ገዳይ ይረሳል ወይ? ደም ያለበት ሰው ገበያ ሲወጣ ከማን ጋር እንደሚሄድ አስቀድሞ ያስባል። ጠላ ቤት ሲገባ ጀርባውን ለግድግዳ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሰርግ ሲጠራ የሟች ወገን መጠራት አለመጠራቱን ሳያጣራ እግሩን አያነሣም። ሲመሽ መብራት ከኋላው አድርጎ በር ላይ አይቆምም። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው እሱ ነው። ሚስቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ልጆቹም ምክንያቱ ሳይነገራቸው ያንኑ ልማድ ይማራሉ። የሟች ልጅ ደሙን እንዲመልስ ሲያድግ የገዳይ ልጅ ደግሞ መጠንቀቅን እየተማረ ያድጋል። ሁለቱ በአንድ ትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም በአንድ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ።

የበቀል አስፈሪ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ነጥብ፣ ገዳይም እንደማይረሳ፣ ሲስቱ ይታያል። የተለመደው አጭር ልቦለድ የሚቆመው በዚሁ ተረት ላይ ነው፦ ከተማው በደሉን ረስቷል፣ ተበዳዩ ግን አልረሳም፤ አንድ ሌሊት ይመለሳል፣ ደም ይፈስሳል። አንባቢው ይደነግጣል፣ ከዚያ መጽሐፉን ይዘጋል። ኤድጋር አለን ፖ ግን እ.ኤ.አ. በ1846 ባሳተመው «የአሞንቲያዶ በርሜል» ነገሩን ገልብጦታል። ተራኪው ጠላቱን ምድር ቤት አስገብቶ ከነሕይወቱ በግንብ የዘጋበት ገዳይ ነው፤ የሚያወራውም ድርጊቱ ከተፈጸመ ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። የሟችን ልብስ፣ የወይኑን ስም፣ የድንጋዩን ድርድር አንድ በአንድ ያስታውሳል። ለመግደል ያበቃው በደል ምን እንደነበር ግን በታሪኩ ውስጥ የትም አይነገርም። ሃምሳ ዓመት ያልረሳው ወጊው ነው።

የትንሽ ከተማ በቀል አስፈሪነቱ ከደሙ ብዛት አይመጣም። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ በጻፈው «አፈርሳታ» ልቦለድ ውስጥ የመንደሩ ሰው ጎጆ ያቃጠለውን ሰው ለማግኘት በተደጋጋሚ ይሰበሰባል፤ ጥያቄው «ማን?» የሚል ነው። በደም ጠብ ውስጥ ግን ይህ ጥያቄ የለም። ገዳዩን ሁሉም ያውቀዋል። ቀጥሎ ማን እንደሚገድል፣ ማን እንደሚገደልም ሁሉም ይገምታል። የባጃጅ ሾፌሩ፣ ሻይ የምታፈላዋ ልጅ፣ ቄሱ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁሉም የሚጠብቁት ቀኑን ብቻ ነው። ከወረታ ወይም ከአዲስ ዘመን ከተማ አንድ ጸሐፊ ተነሥቶ ይህን መጠበቅ ቢጽፈው፣ አንዲት ጠብታ ደም ሳያፈስስ አንባቢን እንቅልፍ ይነሣል።

ታሪክም በቀል ከወጊው አልፎ ወደ ሌሎች እንደሚሻገር ያሳያል። ከወረታ በስተምሥራቅ ያለችው ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1860 የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከጎንደር ሲወጣ በንጉሡ ላይ ባመፀው በጋረድ ሰዎች እጅ ወደቀ፤ በጦር ተወግቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ቴዎድሮስ ወዳጃቸውን አልረሱም። ዘምተው ጋረድን ገጠሙት፤ በዚያ ውጊያ ጋረድ ሞተ፣ ሌላው የንጉሡ የቅርብ ወዳጅ ጆን ቤልም ወደቀ። ንጉሡ ከዚያ በኋላ የተማረኩትን የጋረድ ተከታዮች በብዛት አስፈጇቸው። ከተገደሉት ውስጥ ፕላውደንን የወጋው ማን ነበር? ለበቀሉ ይህ ጥያቄ አስፈላጊ አልነበረም። አንድ ሰው ተወጋ፤ ስለ እሱ ያላስታወሱ፣ ምናልባትም ስሙን በቅጡ የማያውቁ ሰዎች ሞቱ።

መንግሥት ይህን የበቀል ሰንሰለት ለመቁረጥ ረጅም መንገድ ሄዷል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ የደም ዋጋ መቀበልም ሆነ መግደል የወገኑ ምርጫ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፣ በ1949 ዓ.ም. ሌላ ተተካ፣ ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ደግሞ ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ችግሩ የፍርድ ቤቱና የሟች ወገን ቆጠራ አለመገናኘቱ ነው። ለፍርድ ቤቱ 12 ዓመት የታሰረ ሰው ዕዳውን ከፍሏል። ለሟች ወገን ግን እስሩ ለመንግሥት የተከፈለ ነው፤ ለእነሱ ገና አልተከፈለም። ስለዚህም ገዳዩ ከእስር የሚወጣበት ቀን ብዙ ጊዜ ከገባበት ቀን ይልቅ ያስፈራል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ በገባበት ጦርነት ውስጥ ፍርድ ቤት መድረስ ራሱ ከባድ ሆኗል፤ አዲስ የሚከፈተው የደም ሒሳብም ቀላል አይሆንም።

የሕግ ቆጠራ ያልደረሰበትን የሚሞላው ደም ማድረቅ ነው። የገዳይ ወገን ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌዎቹ ከቄስና ከመስቀል ጋር፣ ሙስሊም ከሆኑም ከሃይማኖት አባቶቻቸው ጋር ሆነው የሟች ቤት ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ሁለቴ ተሰድበው ይመለሳሉ፤ መመለሳቸውም የወጉ አካል ነው፣ ቶሎ እሺ ያለ ወገን ሟቹን አቃለለ ይባላልና። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ተጎንብሶ ይቀርባል። ከሟች ወንድሞች አንዱ ድንጋዩን እንዲያወርድ እስኪፈቅድለት ድረስ እንደተጎነበሰ ይቆያል። ካሳው ይቆረጣል፣ መሐላ ይገባል፣ በአንድ ማዕድ ይበላል። ከዚያ ቀን በኋላ ገዳዩ ገበያ መውጣት ይችላል። ወጊው አለመርሳቱን በአደባባይ የሚናገርበት ብቸኛ ሥርዓት ይህ ነው። ጥንካሬውም ከዚሁ ይመጣል፦ «ረስቼዋለሁ» የሚል ሰው ድንጋይ አይሸከምም።

ሥርዓቱ ግን ቀዳዳ አለው። ዕርቁን ለማጽናት አንዳንዴ ከአንደኛው ወገን ልጅ ለሌላው ወገን ትዳራለች። እሷ አልወጋችም፣ አልተወጋችም፤ የሁለት ቤት ቂም ሸክም ግን እሷ ላይ ይወድቃል፣ ማንም አልጠየቃትም። ይህን የዕርቅ ጌጥ አድርጎ ማውራት ነውር ነው። ሌላው ቀዳዳ በመሐላው ቀን የሌሉት ናቸው። ለአጨዳ መተማ ወይም ሁመራ የወረደ ወንድም፣ ያኔ ሕፃን የነበረ ልጅ «እኔ አልማልኩም» የማለት በር ይቀርለታል። ነገሩ የገባቸው ሽማግሌዎች የቀረው ወንድም እስኪመለስ ቀኑን ያራዝማሉ፣ ሕፃኑንም በእናቱ ጭን ላይ አስቀምጠው ከማዕዱ ያቀምሱታል።

ሌላ መንገድ የመረጡ ሰዎችም አሉ። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አቅጣጫ፣ በዚያው በፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራምባ አለ። በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ወንድና ሴት በእኩል የሚሠሩበት፣ ጠብን እንደ ነውር የሚያይ መንደር ነው። በአካባቢው ሰው ዘንድ ለረጅም ጊዜ ተጠልቶ ነበር። በደርግ ዘመን መጨረሻ የመንግሥት ተቃዋሚዎችን ትደግፋላችሁ ተብለው ተሳደዱ፤ ቀያቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሲመለሱ አብዛኛውን መሬታቸውን ሌሎች ይዘውት አገኙ። ፎገራ ውስጥ አንድ ትልም ስንት ሰው እንዳጋደለ ለሚያውቅ ይህ ቀላል በደል አይደለም።

አልረሱም። ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ስደታቸውንና የተወሰደባቸውን መሬት በግልጽ ይናገራሉ። ግን አልገደሉም። ተረቱን ልብ ብሎ ላደመጠው፣ የተወጋ አይረሳም ይላል እንጂ ይመልሳል አይልም፤ ይህን የጨመርነው እኛው ነን፣ በሙሾውና በፉከራው። የአውራምባ ሰዎች በቀረችላቸው ጥቂት መሬት መኖር ስለማይችሉ ወደ ሽመና ዞሩ፣ ወፍጮ ተከሉ፣ ሱቅ ከፈቱ። በመካከላቸው ቅሬታ ሲነሣም የሚሰማ ኮሚቴ አላቸው፤ ነገሩ ገና ትልም ሳለ ይታያል። የአካባቢው ገበሬም እህሉን ጭኖ ለማስፈጨት ወደ እነሱ ወፍጮ ይሄዳል።