ዝናቡ የማንም አይደለም፣ ጎርፉ ግን ባለቤት አለው

በሜሪላንድ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ሕግ ወጥቶ ነበር። ዘጠኝ ካውንቲዎችና የባልቲሞር ከተማ ከጣሪያና ከአስፋልት ላይ ለሚወርደው ጎርፍ ባለይዞታዎችን እንዲያስከፍሉ የሚያዝ ነበር። ተቃዋሚዎቹ «የዝናብ ግብር» አሉት። ስሙ ከሕጉ በላይ ገነነ፤ በ2015 ካውንቲዎቹ የግድ እንዲያስከፍሉ የሚለው ትእዛዝ ተነሣ። ስሙ የፖለቲካ ማጥቂያ ይሁን እንጂ ከጀርባው እውነተኛ ጥያቄ አለ። ዝናብ የፈጣሪ ስጦታ ነው፤ ወንጌልም ለጻድቁና ለኃጥኡ ሳይለይ እንደሚወርድ ያስተምራል። ታዲያ ሰው ራሱ ባላዘነበው ዝናብ እንዴት ባለዕዳ ይሆናል? ክፍያው ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል።

መልሱን ለማግኘት ውሃው ከወረደ በኋላ የት እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል። ከሜሪላንድ ጎረቤት ከዋሽንግተን ዲሲ ሲሶ ያህሉ ዛሬም የሚገለገለው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽና የዝናብ ውሃ አንድ ላይ በሚሄዱበት አሮጌ መስመር ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ሁሉም ብሉ ፕሌንስ ማጣሪያ ጣቢያ ይደርሳል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ግን ቱቦው ሁለቱን መሸከም ያቅተውና የተቀላቀለው ፍሳሽ ወደ አናኮስቲያ፣ ፖቶማክና ሮክ ክሪክ ወንዞች ይለቀቃል። በከተማዋ ወንዞች መዋኘት ከ1971 ጀምሮ የተከለከለው አለምክንያት አይደለም። ከተማዋ በ2005 በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ይህን ለማስቆም ግዴታ ገባች፤ ይህን ፍሳሽ ለሚይዙ ግዙፍ የመሬት ውስጥ ዋሻዎች ወጪም ከ2009 ጀምሮ ልዩ ክፍያ ትሰበስባለች። ክፍያው የሚሰላው ውሃ በማያሰርገው ወለል ስፋት ሲሆን መለኪያው 1,000 ስኩዌር ጫማ፣ ማለትም 93 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች ስፋት ላይ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ ከ2,300 ሊትር በላይ ውሃ ይሆናል። አፈርና ሣር ቢያገኝ ብዙው ቀስ ብሎ ይሰርግ ነበር። አስፋልት ላይ ሲወርድ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ቱቦው ውስጥ ነው። ዝናቡን ያወረደው ሰማይ ነው፤ ያስሮጠው ግን መሬቱን የደፈነው ሰው ነው። ክፍያውም የሚጠየቀው ስለ ዝናቡ ሳይሆን ስለ ተደፈነው መሬት ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለሃይማኖት እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ሰው ወድቆ ቢሞት ተጠያቂው ባለቤቱ ነውና። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ደግሞ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው በሬ ገብቶ ቢሞትበት ዋጋውን እንዲከፍል ይፈርዳል። ሰውዬው በሬውን አልገፋውም፤ ክፋትም አላሰበም። ሕጉም ስለ አሳቡ አይጠይቀውም፤ የሚጠይቀው በገዛ ይዞታው ላይ ለሌላው አደጋ ፈጥሮ መተውን ነው። በእስልምናም ሌላውን መጉዳትን የሚከለክለው መርሕ ከሸሪዓ ታላላቅ መሠረቶች አንዱ ነው። የቤተ እምነት ይዞታ ከግብር ነፃ መሆኑ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ከጉዳት ኃላፊነት ነፃ የሚያደርግ ግን ምንም ነገር አላገኘሁም። እንዲያውም ፍሳሹ ከሚደርስባቸው መካከል ለምግብ ብለው ከአናኮስቲያ ዓሣ የሚያጠምዱ ድሆች አሉ።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይነሣል። ምእመናን የሰጡት ምጽዋት ለችግረኛ መዋል ሲገባው ለቱቦ ለምን ይከፈላል? በዋሽንግተን አብያተ ክርስቲያናትና የመቃብር ስፍራዎች ይህን ክፍያ አጥብቀው ተቃውመዋል፤ ቅሬታቸውም እውነት አለው። ሰፊ ግቢና ትንሽ ገቢ ያለው ደብር ይጎዳል። ነገር ግን ጉዳቱ እውነት መሆኑ ዕዳውን አይሰርዘውም፤ ዕዳው በሥራ የሚከፈልበትን መንገድ መፈለግ ግን ግድ ይላል። ለዚህ ነው የሕዝብ ገንዘብ በየግቢው ለሚሠሩ ውሃ አስቀሪ ትንንሽ ሥራዎች መዋል አለበት የምለው። ሥራው እንደሚቻል በዋሽንግተን ያለው የካቶሊክ ሀገረ ስብከት ይዞታ፣ ማውንት ኦሊቬት መቃብር፣ ጥሩ ምስክር ነው። ከግቢው መንገዶች የተወሰነው አስፋልት ተነሥቶ በቦታው ውሃ የሚያቁር ጎድጎድ ያለ የአትክልት መደብ ተሠራ፤ አሸዋ የበዛበት አፈር፣ ሥሩ የጠለቀ አገር በቀል ተክል። እዚያ ገንዘቡ የመጣው ከግል መዋዕለ ንዋይ ነው፤ የሚመለሰውም በራሳቸው ቦታ በቂ ውሃ ማስቀረት ያልቻሉ ሕንፃ ሠሪዎች የዚህን ሥራ ክሬዲት ስለሚገዙ ነው። በሜሪላንድ የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲም በግቢያቸው እንዲህ ያለ ሥራ ለፈቀዱና ምእመናንን ለሚያስተምሩ አብያተ ክርስቲያናት የጎርፍ ክፍያውን ቀንሷል። ትምህርቱን ከቅናሽ ጋር ማያያዙን አልወደውም፤ ስብከት በዋጋ አይተመንም። ለተቆፈረው መደብ የሚሰጠው ቅናሽ ግን ፍትሐዊ ነው።

የሕዝብ ገንዘብ የግለሰብን ግቢ ለምን ያሳምራል የሚሉም አሉ። ጥቅሙ የሚታየው ግን ከግቢው ውጭ፣ ወንዙ ላይ ነው። ዋሻው ካለ ትንንሹ ሥራ ምን ይፈይዳል ለሚሉት ደግሞ ልኬት አለ። የከተማዋ የውሃና ፍሳሽ ተቋም በ2016 የ25 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሸጦ በሮክ ክሪክ አካባቢ በየመንገዱ ዳር የአትክልት መደብና ውሃ የሚያሰርግ ንጣፍ ሠራ። ከሥራው በፊትና በኋላ ሲለካ ጎርፉ 20 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ይህ ዋሻን አይተካም፤ አናኮስቲያን በዋነኛነት የሚታደገው ዋሻው ነው። ሆኖም ከቱቦው የቀረው እያንዳንዱ ሊትር ተቀድቶና ተጣርቶ አይከፈልበትም። የእኔ ጣሪያ ምን ያህል ነው የሚለውም ሰበብ አያዋጣም፤ ቱቦውን ሞልቶ እንዲፈስ የሚያደርገው ከእንዲህ ያሉ ጣሪያዎችና አስፋልቶች የተጠራቀመው ውሃ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያላችሁ የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ አስተዳደር አባላት ሆይ፣ የመኪና ማቆሚያችሁ አስፋልት የሚታደስበት ጊዜ ሲደርስ ሥራ ተቋራጭ ከመጥራታችሁ በፊት በዲሲ «ሪቨርስማርት»፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ «ሬይንስኬፕስ» የተባሉትን የድጋፍ ፕሮግራሞች ጠይቁ። ከአስፋልቱ የትኛው ክፍል ሳያስፈልግ እንደተነጠፈም አብራችሁ ለኩ።