በአጥሩ ላይ የነበረው እንዶድ



ባለፈው ዓመት የደብራችን ዓመታዊ በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፥ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች ገጀራና መጥረቢያ ይዘን ግቢውን ለማጽዳት መውጣታችን ይታወሳል። ቅጠሉን ጠረግን፥ ድንጋዩን ለቀምን፥ በምሥራቁ በር አጠገብ በአጥሩ ላይ የተንዠረገገውንም ቁጥቋጦ ከመሬት ጋር አስተካክለን ቆርጠን አቃጠልነው። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እማሆይ ባዶውን ቦታ አይተው ዝም ብለው ቆሙ። ቆይተውም «ልጆቼ፥ እንዶዱን ምን አደረጋችሁት?» አሉን። ከመካከላችን አንዱ «አይዘኑ እማሆይ፤ ከምንጩ በላይ ሌላ እንዶድ አለ» ሲል መለሰ። እርሳቸውም «እርሱ ሌላ ነው፤ አረፋ የለውም። የዲያቆናቱን ነጠላ ስናጥብበት የኖርነው በዚህኛው ነው» አሉ።

አንዳንዶቻችን ፈገግ ብለን ነበር። እንዶድ ያው እንዶድ ነው ብለን ነበርና። ይህችን ጽሑፍ የምናቀርበው የተሳሳትነው እኛ መሆናችንን ዘግይተን ስለ ተረዳን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ አካባቢ የቢልሃርዝያን በሽታ ሲያጠኑ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት አዩ። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት የሚያድገው በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ፥ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ተክል በየደጃችን መገኘቱ ታላቅ ነገር ነበር። ይህን ያህሉን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ሰምተናል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እምብዛም አይነገርም። ተመራማሪዎቹ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች እንዶድ ሰብስበው ሲያነጻጽሩ አንዱ ከሌላው ተለይቶ ተገኘ፤ የአንዱ ፍሬ ብዙ የሌላው ጥቂት፥ የአንዱ ኃይል ብርቱ የሌላው ደካማ ሆነ። ከእነዚህም መካከል ከተመረጡት አንዱ «ዓይነት 44» ተባለ። አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በእንዶድ ላይ ስለ ደከሙት ድካም እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

እስቲ ይህን ቁጥር እናስተውለው። 44 ከተባለ ከፊቱ ሌሎች ተቈጥረዋል ማለት ነው። እርሱም ቢሆን አስቀድሞ የአንድ ስፍራ ቁጥቋጦ ነበር፤ እንደ እኛ ያለ ጽዳት ወዳድ ወጣት ቀድሞ ቢደርስበት ኖሮ ማንም ሳያውቀው አመድ ይሆን ነበር።

ይህ ልዩነት ከምን ይመጣል? ባለሙያዎች ዘረ መል ይሉታል፤ ከእናትና ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ፥ ተክሉ እንዴት እንደሚያድግና በውስጡ ምን እንደሚያዘጋጅ የሚወስን ነው። ተክሉ ከዘር ሲበቅል የእናትና የአባቱ ዘረ መል በአዲስ መልክ ይቀላቀላልና ወንድማማች ችግኞች እንኳ አንድ አይሆኑም። በጓሮ ግን ብዙ ጊዜ የምንተክለው ሌላ ነው። ከአንዱ ራስ ፈልቅቀን የምንተክለው ነጭ ሽንኩርት፥ ቆርጠን የምንተክለው ዳማከሴም ያው የእናቱ ግልባጭ ነው። ይህ ለበጎ ነው፤ የወደድነው ባሕርይ አይጠፋብንም። ነገር ግን አንዱን የሚጥል በሽታ ሲመጣ ሁሉንም ይጥላል። ጓሮ ሰው የመረጠውን ይጠብቃል፤ ዱር ደግሞ ማንም ገና ያልመረጠውን፥ ድርቁንና ውርጩን ተባዩንም ችሎ የኖረውን ይዞ ይቈያል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት ዘር ሰብስቦ በቅዝቃዜ ያኖራል፤ መልካም ሥራ ነው። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ግን ከአዲሱ ድርቅና ከአዲሱ ተባይ ጋር አይታገልም።

በኦሪት ዘፍጥረት ም. 1 እግዚአብሔር ምድርን ቡቃያ እንደየወገኑ እንድታበቅል ማዘዙን እናነባለን። እኛ «ወገን» ሲባል አንድ ዓይነት፥ እንደ ጡብ የተመሳሰለ ነገር ይመስለን ነበር። በም. 7 ደግሞ ኖኅ ከንጹሐን እንስሳት ተባዕትና እንስት እያደረገ ሰባት ሰባት እንዲያስገባ ታዘዘ። ለስሙ ከሆነ አንድ ጥንድ አይበቃም ነበር? መጽሐፈ ሲራክም በም. 38 ፈጣሪ መድኃኒትን ከምድር እንዳስገኘ፥ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምረናል። እኛ ንቀናል። በደላችንም አንድ ተክል መቁረጣችን ብቻ አልነበረም፤ የእማሆይን ዕውቀት በፈገግታ ማለፋችን ነው። ተመራማሪዎች በብዙ ድካም የደረሱበትን፥ እንዶድ ከእንዶድ እንደሚለይ፥ እርሳቸው በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግቢያችንን በሌላ ዓይን መመልከት ጀመርን። ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉ የደን ተመራማሪ በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ባደረጉት ጥናት 168 የዛፍ፥ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶች መዝግበዋል። አባቶቻችን ያቈዩልን ይህን ያህል ነው! ይሁን እንጂ ዙሪያው እርሻ ስለሆነ እያንዳንዱ ደን እንደ ደሴት ተለይቶ ቀርቷል። ለምሳሌ ኮሶን እንውሰድ። ኮሶ ወንዱና ሴቱ በየራሳቸው ዛፍ ናቸው፤ ለትል መድኃኒት የሚፈለገው ቀዩ የሴቴዋ አበባ ነው። (መጠኑ ሲበዛ እንደሚጎዳ ታላላቆቻችን ያውቃሉ፤ ማንም በገዛ ራሱ እንዳይሞክረው።) ወንዴው አበባው ስለማይፈለግ ለጣውላ ቢቆረጥ የሚቆረቆርለት የለም። ወንዴው ከአካባቢው ከጠፋ ግን ሴቴዋ አበባ ብታወጣም ዘር አትሰጥም፤ በሩቅ አንድ ብቻ ቢቀርላትም በዙሪያዋ የሚበቅለው ሁሉ የአንድ አባት ልጅ ይሆናል።

በግቢያችን ሁለት ኮሶዎች አሉ። ባለፈው አበባ ባወጡ ጊዜ ቀርበን አየናቸው፤ ሁለቱም ሴቴ ናቸው።

እንዶዱ በሰኔው ዝናም ከጉቶው አቆጥቁጧል። ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ አጥረነዋል፤ ሲጠነክር ቅርንጫፉን ቆርጠን በሁለት ሌላ ቦታ እንድንተክል እማሆይ ነግረውናል፤ ከምንጩ በላይ ያለውም እንዳይነካ አዝዘውናል። ለኮሶው ግን ከእናንተ እርዳታ እንሻለን። በየደብራችሁ፥ በየዘመዶቻችሁ አገር ወንዴ ኮሶ የምታውቁ ወጣቶች፥ ቦታውን ጽፋችሁ እሑድ ከመርሐ ግብር በኋላ ለግቢ ልማት ክፍል ስጡን።