በጎልማሳነት ወደ ብስክሌት ስለ መመለስ

ሰው አዲስ ነገር ሲማር ቢሳሳት ማንም አይገረምበትም፤ አለማወቁ የታወቀ ነውና። ጠንቅቆ የሚያውቅም ሰው በሚያውቀው ነገር አያፍርም። በሁለቱ መካከል የቆመው ግን፣ ይኸውም ቀድሞ ያውቅ የነበረና ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ተወው ነገር የሚመለሰው፣ ከሁለቱም ይልቅ ይቸገራል። የትናንቱ ችሎታ ትዝ ይለዋል፤ የዛሬው ድካም ያሳፍረዋል። ይህን ለመመርመር ከፍ ያለ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም፤ በየመንገዱ የሚታየው ብስክሌት ይበቃል።

በልጅነቱ በባሕር ዳር ሜዳማ ጐዳና ወይም በአዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ ብስክሌት በሳንቲም እየተከራየ ያደገ ሰው ብዙ ነው። መሪውን ለቅቆ መንዳትን፣ ጓደኛውን ከኋላ አፈናጦ መብረርን ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርትና ሥራ፣ ትዳርና ልጅ ተከታትለው መጡ፤ ወንበር በብስክሌት ፈንታ ተተካ፤ ሠላሳ ዓመት ባለፈ ጊዜ ሰውነቱ ከበደ፣ ደረጃ ሲወጣም ትንፋሹ ይቈራረጥ ጀመር። ሐኪም እንዲንቀሳቀስ ሲመክረው፣ ወይም ለልጁ ብስክሌት ሊገዛ ወደ ገበያ በሄደ ጊዜ፣ ያ የቀድሞው ደስታ በልቡ ይነሣሣል። ይሁን እንጂ ከደጅ የሚያስቀረው የእግሩ ድካም አይደለም፤ የጎረቤት ዐይን ነው። «ጋሼን ምን ነካቸው?» የሚለውን ቃል ገና ሳይነገር ይሰማዋል።

በኢትዮጵያ ውፍረት ለብዙ ዘመን የድሎት ምልክት ሆኖ ይቈጠር ነበር። ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ «ወፈርህ፤ ተስማማህ» ማለት ምስጋና ነበረ፤ «ከሳህ» ማለት ግን የኀዘኔታ ቃል ነው። ዛሬ ደግሞ ያው ሰውነት በሐኪም ቤት ሲመዘን ተግሣጽ ይከተለዋል። ስለዚህ የወፈረው ሰው ትናንት በተመሰገነበት ነገር ዛሬ ይወቀስበታል። ምስጋናውም ወቀሳውም ሥጋውን እንጂ ሰውየውን አይመለከቱም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በዕድሜና በማዕርግ የከበደ ሰው፣ በሰውነቱም የከበደ ሲሆን፣ በብስክሌት ላይ ሲንገዳገድ መታየቱ ክብሩን ያጐድልበታልን?

ያጐድልበታል የሚሉ ሰዎች ነገራቸው እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ለሽማግሌ እርጋታ ጌጡ ነው፤ ታላቅ ሰው እንደ ልጅ ሲሮጥ ቢታይ ታናሹ ምክሩን ያቃልልበታል ይላሉ። ነገር ግን ክብር ሌላ ነው፤ ክብር ይጐድላል ብሎ መፍራትም ሌላ ነው። ኀፍረትም ሁለት ዓይነት ነው። ከክፉ ሥራ የሚከለክል ኀፍረት አለ፤ እርሱ የነፍስ ዘበኛ ነው። ደካማ ሆኖ ከመታየት የሚከለክል ኀፍረትም አለ፤ እርሱ ግን ዘበኛ መስሎ የገባ ሌባ ነው። የመጀመሪያው ሰውን ከበደል ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ጤናውን ይሰርቀዋል። ሁለቱ በስም አንድ ስለ ሆኑ ብዙ ሰው ሌባውን እንደ ዘበኛ አክብሮ ይኖራል። ምልክታቸው ግን ይህ ነው፤ እውነተኛው ኀፍረት ሰው ብቻውን ሳለ እንኳ ይሰማዋል፤ ሐሰተኛው ግን ተመልካች ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባዶ ሜዳ ላይ ደስ እያለው ሊነዳ የሚችል ሰው በመንገድ ላይ ቢያፍር፣ ያፈረው በሥራው አይደለም።

የመስኮቡ ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. ብስክሌት መንዳት በሞስኮ ሲማር 66 ዓመቱ ነበር። የመጨረሻ ልጁ የሞተበት ያው ዓመት ነው። ስሙ በዓለም የታወቀ፣ ስለ ምግባርም ብዙ ያስተማረ ሰው ነበርና፣ ከወዳጆቹ አንዱ ነገሩ አላማረውም፤ እንዲተወውም መከረው። እርሱ ግን እንደማያፍርበት፣ ኀጢአት የሌለበት የልጅ ደስታ እንደ ሆነ በዕለት ማስታወሻው ጻፈ። ቶልስቶይ ጀማሪ እንጂ ተመላሽ አልነበረም፤ ነገር ግን በእርሱ ላይ የመጣው ወቀሳ በጎልማሳው ላይ ከሚመጣው ጋር አንድ ነው። የማይጐዳን ነገር ማድረግ የሚያሳፍረው፣ ሰው ራሱን በሌላው ዐይን ብቻ ሲመለከት ነው።

ኀፍረቱን ድል የነሣ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይኸውም የትዝታ ኩራት ነው። ሚዛን የመጠበቅ ጥበብ በአንጎል ውስጥ፣ በተለይም ትንሹ አንጎል በሚባለው በኋለኛው ክፍል፣ ጸንቶ ስለሚቀመጥ ከብዙ ዓመት በኋላም አይጠፋም። የልብና የጡንቻ ኃይል ግን ካልተሠራበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። እንግዲህ ተመላሹ በመጀመሪያው ደቂቃ «ምንም አልረሳሁም» ብሎ ይደሰታል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዳገት ሲገጥመው ግን እግሩ ይከዳዋል። ዕውቀቱ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ዕውቀት ነው፤ ልቡ ግን የሃምሳ ዓመት ልብ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ተናደው ብስክሌቱን ከግድግዳ ያስጠጉታል፤ ዳግመኛም አያነሡትም።

ከቅኔ ቤት ወጥቶ ብዙ ዘመን የቈየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቀድሞ ስምንት ቤት መወድስ ይቀኝ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ ዜማው በጆሮው አለ፣ ቃሉ ግን አልታዘዝ ይለዋል። ብልህ የሆነ እንደ ሆነ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ትናንት መወድስ ተቀኝቻለሁ ብሎ ጉባኤ ቃናን የናቀ ግን ሁለቱንም ያጣል። ከታች መጀመር የቀድሞውን ድካም ከንቱ አያደርገውም፤ የቀድሞውን የሚመልሰው እርሱ ነውና።

ስለዚህ ወደ ብስክሌት የሚመለስ ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ፤ ይልቁንም የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት እንደ ሆነ። ፍሬኑንና ቸርኬውን ያስመርምር፤ ጎማውንም እንደ ክብደቱ መጠን ያስነፋ፤ ለከባድ ሰው የላላ ጎማ ቶሎ ይቀደዳልና። መቀመጫው ሰፋ ያለ ይሁን፤ ፔዳሉ ወደ ታች ሲወርድ ጉልበቱ ጥቂት ብቻ እስኪታጠፍ ድረስ ከፍ ይበል። ጀርመናዊው ካርል ድራይስ በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1817 ዓ.ም. የሠራው ባለ ሁለት መንኰራኵር መሣሪያ ፔዳል አልነበረውም፤ ሰው በእግሩ መሬቱን እየገፋ ይሄድበት ነበር። የሚፈራ ሰው በመጀመሪያው ቀን በሜዳ ላይ እንዲሁ ቢያደርግ የሚያሳፍር አይደለም። በብስክሌት ላይ የሰውነት ክብደት በመቀመጫው ስለሚያርፍ ጉልበት ከሩጫ ይልቅ ያርፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ያወጣው ምክር ለጐልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ነው፤ ይህም ለአምስት ቀን ቢከፈል ትንሹ በቀን ሠላሳ ደቂቃ ነው። ሠላሳ ደቂቃ የሚከብደውም ከአሥር ይጀምር።

ተመልካችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አንዳንድ ጐዳናዎች በወር አንድ ቀን ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለብስክሌት መከፈት በጀመሩ ጊዜ፣ ሰው ከሰው ጋር ተደባልቆ መንቀሳቀሱ እንግዳ ነገር መሆኑ ቀረ። አንዱ ብቻውን ሲሆን የሚሳቅበት ነገር ብዙዎች ሲያደርጉት ልማድ ይሆናል። ስለዚህ በሚንገዳገደው ጎልማሳ ላይ የሚስቅ ሰው ቀላል ጨዋታ የተጫወተ አይምሰለው፤ ያ ሰው በዚያ ሳቅ ምክንያት ወደ ቤቱ ተመልሶ በወንበሩ ላይ ቢቀር፣ ከዕድሜው የሚጐድለው በማን እጅ ጐደለ ይባላል? «አይዞህ» የሚል ቃል ግን ምንም ወጪ የለውም።

ተመላሹም የሚፈልገውን ለይቶ ይወቅ። ያን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፍለጋ የወጣ እንደ ሆነ አዝኖ ይመለሳል፤ ያ ልጅ በየትኛውም መንገድ ላይ አይገኝምና። የዛሬውን ሰውነቱን ይዞ የወጣ ግን፣ የከበደውንም፣ የሚያለከልከውንም፣ ከትናንት ጥቂት ራቅ አድርጎ ያደርሰዋል። ብስክሌት ቆሞ ሳለ ይወድቃል፤ የሚቀናው ሲሄድ ነው። በመጀመሪያ ሚዛኔን ላግኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ የሚል ሰው አይሄድም።