ሊቅ ስለ ራሱ ቢናገር

በአገራችን የትምህርት ልማድ ሰው ስለ ራሱ እንዲናገር አይመከርም። ምስጋና ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ያምራል፤ ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ ግን ጉራ ይባላል። የቅኔ መምህርን ስም የሚያስጠሩለት በየአገሩ የተበተኑት ተማሪዎቹ ናቸው እንጂ፥ እርሱ ራሱ በአደባባይ ቆሞ ይህን ያህል ቅኔ ተቀኝቻለሁ፥ ይህን ያህል ተማሪ አፍርቻለሁ ቢል የሰማው ሁሉ ያፍርለታል። ከብራና መጻሕፍት ጸሐፊዎችም ብዙዎቹ ስማቸውን ሳይተዉልን አልፈዋል፤ የተዉልንም ቢሆኑ በመጽሐፉ ፍጻሜ በአንዲት መስመር ጸልዩልኝ ለማለት ነው እንጂ ለመመስገን አይደለም። ከዚህ ልማድ የወጣ ሰው በዛሬው ዘመን የዩኒቨርሲቲ መምህር ሲሆን ግን፥ ገና ከጅምሩ የሚቀርብለት ጥያቄ ይህንኑ የተነቀፈ ነገር አድርግ የሚል ነው። በኢንተርኔት የራስህን ገጽ ክፈት፤ ፎቶግራፍህን አኑር፤ የተማርህበትን፥ የምታስተምረውንና የጻፍኸውን ዘርዝር፤ ሌሎች ስንት ጊዜ እንደ ጠቀሱህም በቍጥር አሳይ ይባላል።

እንግዲህ ይህ ነገር ለሊቅ የሚገባ ነውን? ወይስ ሊቁን ወደ ገበያ አውጥቶ ዕቃውን እንዲያሞግስ የሚያደርግ ነው? እኛ እንደሚመስለን ጥያቄው እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። አንዳንድ የተማሩና የተከበሩ መምህራን ገጻቸውን ባዶ የሚተዉት በስንፍና ሳይሆን በዚህ ሐፍረት ምክንያት ነውና።

የዝምታ ጠበቆች የሚያቀርቡት ትልቁ ምክንያት መልካም ሥራ ራሱን ይገልጣል የሚል ነው። ነገሩ ደስ ያሰኛል፤ ታሪክ ግን ሁልጊዜ አይመሰክርለትም። ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኵሴ ዛሬ በቼክ አገር በምትገኘው በብርኖ ከተማ፥ በገዳሙ አትክልት ስፍራ አተር እየዘራና እያዳቀለ ባሕርያት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፉበትን ሕግ አገኘ። ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1865 ለከተማው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር አነበበ፤ በ1866 አሳተመው፤ ቅጂውን ለታወቁ ሊቃውንት ላከ፤ ከእነርሱም ከአንዱ ጋር ለብዙ ጊዜ ተጻጻፈ። ሆኖም ነገሩን የሚያስተውልለት ሳያገኝ በ1884 ሞተ። የሥራው ትልቅነት የታወቀው በ1900 ሌሎች ተመራማሪዎች ወደዚያው ውጤት ደርሰው የቀድሞውን ጽሑፍ ባስታወሱ ጊዜ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያ ዕውቀት በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ልብ ማለት የሚገባን ሜንዴል ዝም አለማለቱን ነው፤ ተናግሮ ነው ያልተሰማው። የተናገረው እንዲህ ከሆነ፥ ከነጭራሹ ያልተናገረው ምን ሊሆን ነው?

ወደ አገራችን ብንመለስ ደግሞ አባ ጎርጎርዮስን እናገኛለን። እኒህ መነኵሴ በሮም ሳሉ ከጀርመናዊው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1652ም ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ሄደው ቋንቋና የአገራቸውን ነገር አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ መምህሩን በስም ስለ ጠራቸው፥ ዛሬ እኛ እናውቃቸዋለን። ነገር ግን ስማቸው የዳነው በሌላ ሰው ቅንነት ነው። ሉዶልፍ ቅን ባይሆን ኖሮ የአባ ጎርጎርዮስ ዕውቀት በመጽሐፉ ውስጥ ይኖር ነበር፤ አባ ጎርጎርዮስ ግን አይኖሩም ነበር። ዝም የሚል ሊቅ እንግዲህ ዕድሉን ለሚያገኘው ሰው ጠባይ አሳልፎ ይሰጣል ማለት ነው፤ ሰውም ሁሉ ሉዶልፍ አይደለም።

ከዚህ ሌላ በእኛ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚደርስ ልዩ ችግር አለ፤ ይኸውም የስማችን ነገር ነው። እኛ ስማችንን ከአባታችን ስም ጋር እንጠራለን እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። የውጭ አገር መዝገቦች ግን በመጨረሻ የተጻፈውን የቤተ ሰብ ስም አድርገው ይይዙና፥ የራስን ስም በመጀመሪያው ፊደል ብቻ ያስቀሩታል። በዚህ አሠራር አበበ ከበደ፥ አስቴር ከበደ፥ አለማየሁ ከበደና አልማዝ ከበደ ሁሉም «ከበደ፥ አ.» ተብለው ይመዘገባሉ። አንዱ ስለ ስንዴ ዋግ፥ አንዷ ስለ ወባ፥ አንዱ ስለ ድልድይ ሥራ፥ አንዷ ስለ ሕግ ጽፈው እንደሆነ፥ መዝገቡ ከአራቱ አንድ ተአምረኛ ሊቅ ይሠራል። በሌላ በኩል ደግሞ አንዱን ሰው ብዙ ያደርገዋል። ጸጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ ጊዜ በቲ ይጀምራል፥ ሌላ ጊዜ በኤስ፤ በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት፥ በዲግሪው ላይ ሁለተኛ ዓይነት፥ ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

ይህን ለማቃናት ከሚረዱት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው ኦርኪድ የተባለው መዝገብ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ያለ ክፍያ ባለ 16 አሃዝ መለያ ቍጥር ይሰጣል፤ ስሙ በምንም ዓይነት ፊደል ቢጻፍ ቍጥሩ አይለወጥም። በ2004 የተጀመረው ጉግል ስኮላርም ከ2011 ጀምሮ ለመምህራን የግል ገጽ ይከፍታል። ይህ ገጽ ጽሑፎችን የሚሰበስበው በመኪና ስለሆነ፥ የአልማዝን ሥራ በአበበ ስም ጽፎ ሊገኝ ይችላል። ባለቤቱ ገብቶ ካላረመው እንደዚያው ይቀመጣል። እዚህ ላይ ነው የዝምታ ነገር መልኩን የሚለውጠው። የሌላ ሰው ድካም በስሙ ተጽፎለት እያየ ዝም የሚለውን መምህር ትሑት ልንለው አንችልም፤ የሰው ገንዘብ ይዞ እንደ ተቀመጠ ሰው ነው። ስለ ራስ አለመናገር መልካም ጠባይ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ራስ የተነገረውን ሐሰት አለማረም ግን በየትኛውም አገር ልማድ አይመሰገንም።

እንዲህ ከሆነ ገጹ የሚጻፈው ለማን ነው? እኛ የምናስበው በጅማ ወይም በጎንደር ሆኖ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚመራለት ሊቅ የሚፈልገውን ተማሪ ነው። ይህ ተማሪ የሚፈልገው የመምህሩን ሽልማት ሳይሆን ጥቂት ግልጥ ነገር ነው፤ መምህሩ አሁን የሚመረምረው ምንድን ነው? ጽሑፉ በነጻ የሚነበበው የት ነው? አድራሻው ይሠራል ወይስ አይሠራም? በገጾች ላይ የምናየው ግን ብዙውን ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። «ዕውቅ» «ዝነኛ» «ፈር ቀዳጅ» የሚሉ ቅጽሎች ሞልተው፥ አድራሻው ባለቤቱ ከዓመታት በፊት የለቀቀው መሥሪያ ቤት ሆኖ ይገኛል። ቅጽሉን ሌሎች ይስጡት፤ አድራሻውን ግን ከእርሱ በቀር የሚያቀናው የለም። በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ለዚህ ቢሰጥ ይበቃዋል።

የቍጥሩ ነገር ግን ከዚህ የከበደ ነው። ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2005 ኤች የተባለውን መለኪያ አቀረበ። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱ አሥር ጽሑፎች ካሉት መለኪያው አሥር ነው፤ ሃያ ጊዜ የተጠቀሱ ሃያ ካሉት ሃያ ነው። (ይህ ቍጥር ይወጣል እንጂ አይወርድም፤ ባለቤቱ ሥራውን ቢተውም፥ ቢሞትም እንኳ።) በ2010 ደግሞ ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊ የኮምፒዩተር ሊቅ፥ አይክ አንትካሬ የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሰው ፈጠረ። በኮምፒዩተር ፕሮግራም አንድ መቶ ያህል ትርጉም የሌላቸው ጽሑፎች አዘጋጅቶ እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሱ አደረገ፤ ጉግል ስኮላርም ቈጠራቸው። የአንትካሬ መለኪያ 94 ደረሰ፤ በዚያ ሚዛን ከአልበርት አይንሽታይን በላይ ሆነ። ላቤ ይህን ያደረገው ሚዛኑን ለመፈተን ነው እንጂ ለማታለል አይደለም። የማዕረግ ዕድገት በሚወስኑ ጠረጴዛዎች ላይ የተቀመጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ግን ታሪኩን ቢያስታውሱት እንወዳለን። ቍጥሩ በመምህሩ ገጽ ላይ በመታየቱ መምህሩን አንወቅሰውም፤ ጽሑፉን ሳያነብ በቍጥሩ ብቻ የሚፈርደው ሹም ግን መምህሩን ቍጥር እንዲያሳድድ ያስተምረዋል። ባልሠራው ሥራ ላይ ስሙን የሚያስገባ፥ ወዳጁን ጥቀሰኝ እጠቅስሃለሁ የሚል ሰው ከዚህ የተነሣ ይበዛል።

በኅብረት የተሠራ ሥራን በገጽ ላይ ማስፈርም ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ስምንት ሰዎች የደከሙበትን ጥናት አንዱ ወስዶ «ጥናቴ» ሲለው፥ ቃሉ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም እውነት አይደለም። የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ በቤታችን አለልን። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን ታላቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተቀብለው አስፋፉት፤ ሳይታተም ስላረፉም ተማሪያቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ደስታ ራሳቸው በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙ ትልቅ ሊቅ ሲሆኑ፥ ያን የግዕዝ መጽሐፍ የእኔ ነው አላሉም፤ በመምህራቸው ስም አወጡት እንጂ።

ደግሞ በአማርኛ የጻፈ ሰው አለ። የውጭ አገር መዝገቦች የሚቈጥሩት ከሁሉ ይልቅ በእንግሊዝኛ የታተመውን ስለሆነ፥ ሁለትና ሦስት ወፍራም መጻሕፍት በአገሩ ቋንቋ ያበረከተ መምህር ገጹ ሲታይ ምንም ያልሠራ ይመስላል። እንዲህ ያለው ሰው የመጽሐፉን ርእስ በራሱ ፊደል፥ ከሥሩም በላቲን ፊደል፥ የታተመበትን ዓመተ ምሕረት ከነአውሮፓው አቈጣጠር ጭምር በእጁ ያስገባ። መኪናው አይፈልግለትም። ጡረታ የወጡትና ኮምፒዩተር ያልለመዱት አረጋውያን መምህራን ደግሞ አሉ፤ የእነርሱ ጽሑፍ በየክፍሉ ቁም ሣጥን በካርቶን ታስሮ ይገኛል። በየትምህርት ክፍሉ ያለ አንድ ወጣት ረዳት መምህር ከአንድ ሽማግሌ ጋር ጥቂት ከሰዓት በኋላዎችን ተቀምጦ የሥራቸውን ዝርዝር እየጠየቀ ቢጽፍላቸው፥ ሽማግሌውም ስለ ራሳቸው መናገር አያስፈልጋቸውም።