የብዙዎች ደስታና የጥቂቶች ዕጣ

በአዳማ አቅራቢያ የአዋሽ ወንዝ በቆቃ ተገድቦ በ1952 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኃይል መስጠት ጀመረ። ግድቡ የተሠራው ኢጣሊያ ስለ ወረራዋ በከፈለችው የጦር ካሣ ነው። ከእርሱም አስቀድሞ በ1946 ዓ.ም. ኤች ቪ ኤ የተባለ የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀምሮ ነበር። ለከተሞች መብራት፥ ለአገሩ ስኳር፥ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ተገኘ። ነገር ግን በዚያ ሜዳ ከብቱን ያሰማራ የነበረው የጅሌ ኦሮሞ ከመሬቱ ተነሣ፤ ከግጦሹም ከፊሉ የሸንኮራ እርሻ፥ ከፊሉ ሐይቅ ሆነ። እንግዲህ ይህ ሥራ መልካም ነውን?

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም (1748–1832 እ.ኤ.አ.) ቢጠየቅ ኖሮ ፈጥኖ መቍጠሪያውን ባወጣ ነበር። በእርሱ ትምህርት መልካም ሥራ ማለት ከሚቻለው ሁሉ ይልቅ ደስታን የሚያበዛና ሥቃይን የሚያሳንስ ነው። ትምህርቱ በግእዝ በቍዔት ቢባል ይሻላል፤ በአማርኛ ጥቅም ቢሉት ሰሚው ጥቅመኛን ያስባልና። ቤንታም ግን የራስን ጥቅም ብቻ መሻትን አላስተማረም፤ በሚዛኑ ላይ የንጉሥ ደስታ ከእረኛ ደስታ አይበልጥም። ይህ የትምህርቱ ብርታት ነው፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ያቀርበዋል።

ዳሩ ግን ሁሉን እኩል የሚቈጥር ሚዛን ጥቂቶቹን በብዙዎቹ ሥር ለመቅበርም አይሳሳም። ቀያፋ በሸንጎ የአንዱን ሞት ከሕዝቡ ጥፋት ጋር መዝኖ የፈረደው በዚሁ ስሌት ነበር። ወንጌላዊው በቃሉ ውስጥ የትንቢት ወርቅ ቢያገኝም ሰሙ ስሌት ነው። መልካሙ እረኛ ግን ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ስለ አንዲቱ ሲወጣ ስሌቱን አፈረሰው።

የቤንታም ደቀ መዝሙር ጆን ስቱዋርት ሚል (1806–1873 እ.ኤ.አ.) የአእምሮ ደስታ ከሥጋ ደስታ በዓይነቱ ይበልጣል ብሎ ሚዛኑን ሊያቀና ሞከረ። ከዚያ ወዲህ የተነሡ ሊቃውንት ደግሞ እያንዳንዱን ሥራ ሳይሆን ሕጉን መመዘን ይገባል አሉ፤ ይኸውም ሁሉ ቢጠብቀው ለብዙዎች የሚበጀውን ሕግ መሻት ነው። ይህ ከቀደሙት ይልቅ ብርቱ ነው። ነገ ያለ ካሣ የሚነቀል ገበሬ ዛፍ አይተክልም፥ ጕድጓድም አይቈፍርምና፥ የጥቂቶቹን መብት ማክበር ለብዙዎቹም ይበጃል።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በመንግሥት ሥራ ምክንያት የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ምትክ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ለቆቃ ሰዎች ግን ይህ ሕግ ከ35 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ደግሞም የቤትና የሰብል ዋጋ በብር ይሰላል፤ የአባቶች መቃብር ያለበት መሬት ግን በየትኛው ገበያ ይተመናል? የደስታ ጽናትና ዕድሜ እንዲሰፈር ያዘዘው ቤንታም ለዚህ መስፈሪያ አልተወም።