መታወቂያቸውን መልሱላቸው

ሰሞኑን የዘመድ ዕቃ ለመረከብ ቃሊቲ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ መጋዘን ሄጄ ነበር። ደረሰኝ የሚቆርጠው ልጅ ማኅተሙን ሲፈልግ መሳቢያውን ሳበው፤ በላስቲክ የታሰረ የመታወቂያ ክምር አየሁ። የቀበሌ መታወቂያ ነው፣ የአንዳንዱ ጠርዝ ተልጧል። የማን እንደሆነ ብጠይቀው «የጥበቃዎቹና የጫኝ አውራጆቹ ነዋ! ሥራ ጥለው እንዳይጠፉ ነው» አለኝ። አላፈረም፤ የሚያሳፍር ነገር የተናገረም አልመሰለውም። ስወጣ በር ላይ የቆመውን ጥበቃ ጠየቅሁት። ዙሪያውን ቃኘና «ጋሼ፣ እሱን ቢሰጡኝማ ይሄኔ አገሬ ገብቼ ነበር» አለኝ። የሁለት ወር ደመወዙም ተይዞበታል። በዚያ ላይ «የጎደለ ሰሊጥ አለብህ» ተብሎ ዕዳ ተጽፎበታል።

እናንተ የመጋዘን ባለቤቶች፣ ይህን ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት? የዓለም የሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ መለያ ብሎ የዘረዘራቸው 11 ምልክቶች አሉ። የሠራተኛን መታወቂያ መያዝ አንዱ ነው፤ ደመወዝ ማስቀረት ሌላው፤ በዕዳ ማሰርም እንዲሁ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስቱንም አገኘኋቸው። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ላጠፋ ብላ በዓለም ፊት ቃል ገብታለች፤ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ሽራዋለች። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 18 ባርነትንም የግዳጅ ሥራንም ከልክሏል። ታዲያ ይህ ሁሉ ተጽፎ ሳለ የአንድ ድሃ ልጅ መታወቂያ በመሳቢያ ተቆልፎ የሚኖረው በየትኛው ሕግ ነው? ሰው ሥራ ጥሎ የመሄድ መብት አለው። መሄድ ያልቻለ ሰው ተቀጥሮ ሳይሆን ታስሮ ነው የሚሠራው።

በ2012 ዓ.ም. እህቶቻችንን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ አሠሪዎቻቸው ከነሻንጣቸው አስፋልት ላይ ሲጥሏቸው ያላለቀሰ ማን ነበር? «ፓስፖርታቸውን ነጥቀው!» ብለን ስንት ጮኽን። የአረብ አሠሪን ስንረግም አፋችን አይደክምም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው። ቤይሩት ላይ ፓስፖርት መንጠቅ ግፍ ከሆነ ቃሊቲ ላይ መታወቂያ መንጠቅ ምንድን ነው? ያለ መታወቂያ የባንክ ደብተር አይከፈትም፣ ሲም ካርድ አይወጣም፣ ቤት አይከራይም፤ ማታ ፍተሻ ላይ የተገኘ ደግሞ ጣቢያ ያድራል። ይህን ሁሉ እያወቃችሁ ነው የያዛችሁት።

«ዕቃ ይሰርቁናል» ትላላችሁ። ተያዥ አምጡ ብላችሁ አላመጡም እንዴ? ተያዥ የፈረመለትን ሰው መታወቂያ ደግሞ መያዝ ምን ይባላል! ስርቆት ቢፈጸም ፖሊስ አለ፣ ፍርድ ቤት አለ። ጉድለት የምትሉትም ቢሆን ሁሉም ጉድለት ስርቆት አይደለም። እርጥበት ይዞ የገባ እህል መጋዘን ውስጥ ሲከርም ይደርቃል፤ ሲደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ገበሬውን ዋጋ ስትቀንሱት «እርጥብ ነው» የምትሉት እናንተው ናችሁ። ሲደርቅ የቀለለውን ኪሎ ግን በጥበቃው ላይ ትጽፉታላችሁ። በወር ቢቆረጥበት በወር ቢቆረጥበት የማያልቅ ዕዳ! በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ የሚቆረጠው ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሲሶ ሊያልፍ አይችልም። እናንተ ሙሉውን አስቀራችሁ፤ መታወቂያውንም ጨመራችሁ።

ደግሞ አንድ የተለመደ መልስ አለ፤ «እኛ አልቀጠርናቸውም፣ የኤጀንሲው ሠራተኞች ናቸው» ይባላል። በሩ የማን ነው? የሚጠበቀው ንብረት የማን ነው? ጥበቃው ከኤጀንሲ፣ ጫኝና አውራጁ ከአለቃው፣ ጆንያ የሚሰፉት ሴቶች ከሌላ ሰው፣ ከገጠር የመጣው ልጅ ከመናኸሪያ ደላላ እየተባለ በመካከል ያለው ሁሉ ድርሻውን ይቆርሳል፤ ከታች ላለው የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም። ታዲያ ያ ከገጠር የመጣው ልጅ «ለማስገቢያ» ብሎ የከፈለው ምንድን ነው? ይህንንስ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጫኞቹ መካከል ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ኩንታል ተሸክሞ ሲንገዳገድ አይቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑ ወጣቶች ከከለከላቸው ሥራዎች መካከል በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መግፋትና መጎተት አለበት፤ መጋዘን በስሙ ተጠርቷል! አላነበብንም እንዳትሉ።

የጥበቃው መኝታስ? ፍራሹ የተዘረጋው ለነቀዝ ፎስቶክሲን የሚባል የመርዝ ታብሌት ተደርጎበት ከታሸገው ክፍል ግድግዳ ሥር ነው። ከዚያ ታብሌት የሚወጣው ጋዝ ነቀዙን ብቻ መርጦ አይገድልም። ለእህሉ ሸራ አልብሳችሁ ለሰውየው ሌላ ማደሪያ ነፈጋችሁት። እግዚአብሔርን አትፈሩም? የቀን ሠራተኛ ደመወዝ በአሠሪው እጅ እንዳያድር ኦሪት ያዝዛል፣ እስልምናም ያዝዛል። በየበዓሉ ለቤተ ክርስቲያንና ለመስጊድ የምትሰጡት ገንዘብ ከዚህ ጥበቃ ደመወዝ የተቀነሰ እንዳይሆን እፈራላችኋለሁ።

የመጋዘን ነገር አልኩ እንጂ በየቤታችንም ያው ነው። «እንደ ልጄ ነው የማያት» የምትባለው የቤት ሠራተኛ መታወቂያዋ የት ነው? በእመቤቲቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከወርቁ ጋር። ደመወዟስ? «ላጠራቅምልሽ» ተብሎ ዓመት ሞልቶታል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ላስተምራት» ብሎ ከገጠር አምጥቶ ሌሊት እንጀራ የሚያስጋግር ሰው በእኔ ሰፈር አለ፤ በእናንተም ሰፈር ይኖራል። እሱም ስለ ቤይሩት ሲወራ ከንፈሩን ይመጥጣል! ስለ አገር ክብር የምንናገር ሰዎች መጀመሪያ የሰው መታወቂያ ከቁም ሣጥናችን እናውጣ።

ጀርመኖች ከ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ ትልልቅ ኩባንያዎቻቸው ዕቃ የሚያቀርብላቸው ሠራተኛ በግዳጅ አለመሥራቱን እንዲያጣሩ በሕግ አስገድደዋል። እንግሊዞችም በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ኩባንያ ስለዚሁ ጉዳይ በየዓመቱ መግለጫ እንዲያወጣ አዝዘዋል። ቡናችንንና ሰሊጣችንን የሚገዛው ፈረንጅ ነገ መጥቶ መሳቢያ ሲያስከፍት ነው የምናፍረው? ሠራተኛው የእኛው ወንድም ሳለ ፈረንጅ እስኪቆጣን መጠበቅ ለአበሻ ውርደት ነው።

ስለዚህ ባለመጋዘኖች ሆይ፣ መታወቂያ ማየት ካስፈለጋችሁ ኮፒ አድርጉና ዋናውን እዚያው በእጁ መልሱ። ከኤጀንሲው ጋር ስትዋዋሉ ጥበቃው በወር በእጁ የሚደርሰው ብር በቁጥር በውሉ ይጻፍ፤ ገንዘቡም በአለቃ እጅ መዞሩ ቀርቶ በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ወይም በቴሌብር ይግባለት። ለጉድለት በሚዛን የተረጋገጠ መዝገብ ያዙ፣ ድርቀቱን ከስርቆቱ ለዩ። ዕቃ የምታስቀምጡ ነጋዴዎችና የእርዳታ ድርጅቶችም የኪራዩን ዋጋ ስትከራከሩ በዚያው አፋችሁ «የጥበቃዎቻችሁ መታወቂያ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አሳዩን ካላችኋቸው በኋላ የሚያቅማማ ካለ ዕቃችሁን ጭናችሁ ውጡ፣ የሠራተኛ ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤትም አመልክቱ።